በተውሶ አፍ

ጋሪው የወደቡን ዳገት ጨርሶ ወደ ልብስ አጣቢዎች ሰፈር ሲታጠፍ፣ ፈረሱ በዝናብ የራሰውን የድንጋይ ንጣፍ ፈርቶ እግሩን እየመረጠ መርገጥ ጀመረ። ጋሪ ነጂው አለንጋውን አላነሳም። ይኼ ፈረስ ከእኔ ይልቅ ብልህ ነው፣ ካላመነበት አይረግጥም ብሎ ፉጨቱን ቀጠለ። ከኋላው የተቀመጡት ሁለት ሴቶች አልሳቁም። አንዷ ቋንቋውን አታውቅም። ሌላዋ ደግሞ የሰማችውን ሁሉ ወደ ሰው ጆሮ ማሻገር ሥራዋ ነበርና፣ ይኼ ቀልድ ይሻገር ወይስ ይቅር እያለች ስታወጣ ስታወርድ የመሳቂያው ጊዜ አለፈ።

ቋንቋውን የማታውቀው በዚያው ቀን ጠዋት ከመርከብ የወረደች እንግዳ ናት። ረዘም ያለች፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች፣ ባርኔጣዋን በረጅም መርፌ ጸጉሯ ላይ የሰካች ሴት ነበረች። ትንሽ የቆዳ ሻንጣዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ይዛዋለች። የተወለደችው እዚችው ከተማ ውስጥ ነው። ጡት ሳትጠግብ ተወስዳ ስለነበር ግን፣ አሁን ተመልሳ ስትመጣ የምታውቀው አንድ ሰው፣ አንድ በር፣ አንድ ቃል እንኳ አልነበራትም።

ሌላዋ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ናት። የወደቡ ዘበኞች «ሁለት ምላስ» እያሉ ይጠሯታል። በበሩ ባለፈች ቁጥር ሁለት ምላስ፣ ዛሬ በየትኛው ነው ቁርስ የበላሽው ይሏታል። እሷም በሦስተኛው ብላ ታልፋለች። በዕድሜ ከእንግዳዋ ብዙም አትበልጥም። እናቷ የሞተችው ገና ልጅ ሳለች ነው። የባሕር ማዶውን ቋንቋ የተማረችው በአንድ የመርከብ ወኪል ቤት ገረድ ሆና ወለል እየወለወለች ነበር። አሁን ከፋኖስ ሻጩ ሱቅ በላይ ባለች አንዲት ክፍል ብቻዋን ትኖራለች።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳችሁ፤ አለዚያ የዚያን ቀን ጉዞ ክብደቱ አይገባችሁም። ከወደቡ በላይ ኮረብታው ላይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ የማዋለጃ ቤት ነበር። ባሏ ባሕር ላይ የቀረባት፣ ዘመድ ያባረራት፣ እጅ ያጠራት ሴት ሁሉ እዚያ ሄዳ ትወልዳለች። ቤቱን የምታስተዳድረው ዋና አዋላጅ ነበረች፤ ትንሽ ትልቁ «እመቤት» ነው የሚላት። አገረ ገዢው እንኳ ባርኔጣውን ያነሳላት ነበር። ታዲያ አንዳንዷ እናት ከወለደች በኋላ ስትነቃ፣ ልጅሽ አልቆየም ትባላለች። በምስማር የተመታ ትንሽ ሳጥን ይሰጣታል። በሽታው ይተላለፋልና ክዳኑን እንዳትከፍቺ ተብላ ትመከራለች። እሷ ሳጥኑን ወስዳ ትቀብራለች። ልጇ ግን ወላጅ የጣለው ነው የሚል የሐሰት ወረቀት ተሠርቶለት፣ ልጅ ካጡ የማዶ ባልና ሚስት ጋር ባሕሩን ይሻገራል።

ይህ ለብዙ ዓመት ሲሠራ ኖረ። እመቤትም በክብር ኖራ በክብር ተቀበረች። እሷ ካለፈች በኋላ ነው፣ በቤቱ ያገለገለች አንዲት አሮጊት ሆዷ አልችል ብሏት ዳኛው ፊት ቆማ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደሄደ የዘረገፈችው። ዳኛው መቃብሮቹን አስከፈቱ። በየሳጥኑ ውስጥ የተገኘው በፎጣ የተጠቀለለ የሸክላ ጡብ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተወሰዱትን ልጆች ሲፈልግ የቴሌግራፍ ቤቱ እረፍት አላገኘም። ካፖርት የለበሰችው ሴት ከማዶ መልስ ከላኩት አንዷ ናት። አሳዳጊዎቿ ሞተዋል። ፖስታ አመላላሿ መርከብ ጠዋት ደርሳ ማታ ትመለሳለች፤ ከዚያ በኋላ የነፋሱ ወራት እስኪያልፍ ሌላ መርከብ አይመጣም። ማዶ ትታው የመጣችው ልጅ ስላላት መቅረት አትችልም። ስለዚህ እናትና ልጅ ያላቸው ጊዜ የመርከቧ ፊሽካ እስኪሰማ ድረስ ያለው ብቻ ነበር።

ጋሪው ቆመ። በሩ ላይ የቤቱ ባለቤት ቆማ ጠበቀቻቸው። ወፈር ያለች፣ ክንዷን አጣምራ የሰፈሩን ወሬ በዚያ በር የምትቀርጥ ሴት ናት። ሻምበሉስ የት አሉ ብላ ጠየቀች። ደንቡ እንደዚያ ነበርና ነው። እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲገናኙ፣ የወደቡ ፖሊስ ሻምበል በዳኛው ስም መጥቶ፣ እከሊት ይቺ ናት፣ እከሊትም ያቺ ናት ብሎ ያስተዋውቃል። በዚያ ቀን ግን መርከቧ ላይ የተጣሉ ጫኞች ነበሩና ሻምበሉ ቀረ። የቤቱ ባለቤት የሁለቱንም ፊት አፈራርቃ አየችና ለአስተርጓሚዋ ዝቅ ባለ ድምፅ አወራቻት። ተኳሿ ከጠዋት ጀምሮ ያንኑ አንድ ቀሚስ ስትተኩስ ነው የዋለችው፤ ክሩ አልቆ መስመሩ ብቻ ቀርቷል አለቻት።

ተኳሿ የተባለችው እናትየዋ ናት። ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነው። የወደቡ መኮንኖች የደንብ ልብስ ሁሉ በእጇ ያልፋል። ክፍሏ ከልብስ ማጠቢያው ጓሮ ነበር። አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የከሰል ካውያዎች ተደርድረዋል። በግድግዳው ላይ የሻምበሉ ነጭ ኮት ተሰቅሎ፣ ባለቤቱ ውስጡ ያለ ይመስል ደረቱን ነፍቷል። እናትየዋ ከጠረጴዛው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ትንሽ ሴት ናት፤ ቀኝ ክንዷ ከግራው የወፈረ። ቀሚሷ ከመተኮሱ ብዛት የተንቀሳቀሰች እንደሆን የሚሰበር ይመስላል።

አሁን የሆነውን ልብ በሉ። አስተርጓሚዋ በሥራዋ ደንብ ሁልጊዜ ከሚናገሩት ሰዎች መሐል ቀርባ ነው የምትቀመጠው፤ የሁለቱንም አፍ ማየት አለባት። ስለዚህ ገባችና በልማድ ከእናትየዋ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንግዳዋ ግን ሻንጣዋን እንደያዘች በበሩ ጥላ ውስጥ ቆማ ቀረች።

ሌላም ደንብ ነበር። አስተርጓሚዋ ሥራ የጀመረች ቀን ዳኛው ጠርተው፣ አንቺ እዚህ የለሽም ብለዋታል። ምስክሩ «እኔ» ሲል አንቺም «እኔ» በይ፤ ሲያለቅስ ድምፅሽን አለስልሺ፣ ሲቆጣ አጠንክሪ፤ ሰው መስማት ያለበት እሱን እንጂ አንቺን አይደለም አሏት። በዚህ ደንብ እሷ ነፍሰ ገዳይም ሆና ታውቃለች፣ ሰካራም መርከበኛም፣ ባሏ የከዳት ሴትም። የቀረ ነገር የለም። ከሥራ ወጥታ ክፍሏ ስትገባ ግን የራሷን «እኔ» የምትልለት ሰው ስለሌላት፣ ሳትናገር ትተኛለች።

እንግዳዋ ከበሩ ሆና በቀስታ ተናገረች። መርከብ ላይ ስትለማመደው የመጣችው ነገር ነው፤ አጭር ነበር። አስተርጓሚዋም ወደ እናትየዋ ዘንበል ብላ፣ እንደ ደንቧ፣ አሻገረችው።

«እማዬ። ልጅሽ ነኝ። ዘግይቼ መጣሁ።»

ያን የመጀመሪያውን ቃል ከልጅነቷ ወዲህ በአፏ አላስገባችውም ነበር። ምስክሮቿ ሁሉ ስለ ዕቃና ስለ ጠብ ነበር የሚናገሩት፤ እንዲህ ያለ መገናኘት ስታሻግርም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ቃሉ ሲወጣ ድምፅዋ ሳታስበው ተሰነጠቀ። እናትየዋ ብድግ አለች። በከሰል በሻከሩ ሁለት መዳፎቿ የአስተርጓሚዋን ፊት ግራና ቀኝ ያዘችው።

«ትሞቂያለሽ» አለች። «ውይ ልጄ፣ ትሞቂያለሽ።»

ጡብ ለቀበረች ሴት ከዚህ በላይ ምን ይባላል? አስተርጓሚዋ ያኔውኑ እኔ አይደለሁም ማለት ነበረባት። ነገር ግን ፊቷን ሰው ከነካው ብዙ ዓመት ሆኖታል። መዳፎቹ የስታርችና የተቃጠለ ጥጥ ሽታ ነበራቸው። አንድ ትንፋሽ ያህል ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው እንግዳዋን አየቻት፤ ከበሩ ጥላ ውስጥ፣ የመጣችበት ነገር ለሌላ ሰው ሲሰጥ ቆማ እያየች ነበር።

አስተርጓሚዋ ደንግጣ ተነሳች። በእጇ ወደ እንግዳዋ አመለከተች፣ ክንዷን ይዛ አምጥታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት። እናትየዋም አዎ አዎ፣ ገባኝ አለች። ከተቀመጠችው ሴት ጋር እጅ ለእጅ ተጨባበጠች፤ ክፍሉን ሊከራይ የመጣ ሰው እንደሚጨበጥ ያለ ነበር። ከዚያ ዓይኗ ተመልሶ ወደ አስተርጓሚዋ ሄደ።

ሄዶም እዚያው ቀረ። ጥያቄ ሁሉ ወደ እሷ ነበር። ያሳደጉሽ ሰዎች ይመቱሽ ነበር ወይ አለች። እንግዳዋ አልመቱኝም፣ ግን ዝምተኞች ነበሩ፣ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የግድግዳው ሰዓት ብቻ ነበር አለች። አስተርጓሚዋም «አልመቱኝም» አለች፣ ስለ ግድግዳው ሰዓትም ነገረቻት። እናትየዋ ለአስተርጓሚዋ አዘነችላት። ጸጉርሽን ማን ይሠራሽ ነበር? ትምህርት ገባሽ ወይ? ልጅ ወለድሽ ወይ? ማንን ይመስላል? እንግዳዋ ስለ ልጇ ስትናገር ፊቷ በራ፤ ጆሮው እንደ እናትየዋ ጆሮ ወጣ ያለ ነው አለች። እናትየዋ የገዛ ጆሮዋን ዳበስ አደረገችና ለአስተርጓሚዋ ሳቀችላት። ውኃ ቀድታ ብርጭቆውን ያቀበለችውም ለአስተርጓሚዋ ነው።

እንግዳዋ ብርጭቆው በፊቷ ሲያልፍ በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ ወዲህ መልሷ አጠረ። አዎ፣ አይደለም፣ አላስታውስም ሆነ። በመጨረሻ ሻንጣዋን ከወለሉ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችና፣ ወደ መስኮቱ እያየች አንድ ነገር ተናገረች።

አስተርጓሚዋ አፏን ከፈተች። ቃሉ ቀላል ነበር፤ ደህና ሁኑ፣ እኔ ልሂድ፣ መምጣቴ ስህተት ነበር ነው የሚለው። ከዚህ የከበደ ስንቱን በዚያ አፍ አሻግራለች። ነገር ግን ይህን በ«እኔ» ብትለው፣ ይቺ ሴት የልጇን ስንብት ከማን ፊት ላይ ልትሰማው ነው? አላሻገረችውም። ዳኛው አጠገቧ ቢኖሩ በዚያው ከሥራ ያባርሯት ነበር። ከዚያ፣ ያን ቤት ከረገጠች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በራሷ አፍ ተናገረች።

«እማማ፣ እኔ ልጅሽ አይደለሁም። እሷ ናት። እዚያ የተቀመጠችው።»

«አውቃለሁ» አለች እናትየዋ። ቀና አላለችም። በአውራ ጣቷ የቀሚሷን መስመር፣ ያንኑ ጠርዝ ደጋግማ ትጫናለች። «አውቃለሁ ስልሽ። መጀመሪያ ተሳሳትኩ። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም።»

«ታዲያ ለምን አታይያትም?»

«በምን ዓይኔ? ስሚኝ እስኪ። በየሳምንቱ አበባ ይዤ የምሄደው ለጡብ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ለጡብ አለቀስኩ። የቀበርኩት ልጅ ይቺን ታክል ነበር» አለችና ሁለት መዳፏን ትንሽ ከፈት አደረገች። «ይቺ ትልቅ ሰው ናት። ባርኔጣ አላት። ባየኋት ቁጥር፣ አልከፈትሽውም፣ አንድ ምስማር መንቀል አቅቶሽ ነው የሄድኩት የምትለኝ ይመስለኛል። አንቺ ግን ቋንቋዬን ትናገሪያለሽ። አንቺን ማየት አያስፈራም።»

እንግዳዋ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተመለከተች። ምን አለች ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ይህን ሁሉ ማሻገር ትችል ነበር። አንድም ቃል አይጎድልባትም፤ ጡቡን፣ ምስማሩን፣ ባርኔጣውን ሳይቀር አሳምራ ትለው ነበር። ብትለው ግን የሚሰማው እንደገና የእሷ ድምፅ ነው፤ እናትየዋም እንደገና ወደ እሷ ነው የምትዞረው። ይህ ገባት። ከሥራዋ ሁሉ ከባዱን ሥራ የሠራችው ያኔ ነው።

«ራሷ ትነግርሻለች» አለች በማዶው ቋንቋ። የራሷን ካፖርት አንስታ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

ደጅ ላይ የቤቱ ባለቤት ነበረች። እሷም በሩን አየች፣ አስተርጓሚዋን አየች፣ ደግሞ በሩን አየች። ያላንቺ በምን ሊነጋገሩ ነው፣ በካውያ ነው ወይ አለች። ጓሮ ውስጥ ያልተነሱ አንሶላዎች ገመድ ላይ በዝናብ ከብደው ተንጠልጥለዋል። አስተርጓሚዋ በጣሪያው ጠርዝ ስር ቆመች። ከውስጥ መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። አንድ ጊዜ ልትመለስ እጇ መዝጊያውን ነካ፤ ግን መለሰችው። ከዚያ ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ። ከዚያ አንዷ፣ ማንኛዋ እንደሆነች አይለይም፣ ረጅም ጊዜ ታፍኖ የቆየ የሚመስል ልቅሶ አለቀሰች። ልቅሶ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነው፤ ስለዚህ በሩ ማዶ ሆና መለየት አልቻለችም። ሁለተኛዋ ስትጨመርበት ነው ሁለት መሆናቸውን ያወቀችው።

የቤቱ ባለቤትም ያን ስትሰማ ቀልዷን ትታ፣ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ወደ ቤቷ ገባች። አስተርጓሚዋ ብቻዋን ቀረች።

ሰማዩ ደፍረስ ሲል የመርከቧ ፊሽካ ከወደቡ ተሰማ። በሩ ተከፈተ። እናትየዋ የእንግዳዋን ሻንጣ ይዛለች። እንግዳዋ ባርኔጣዋን አላደረገችም፤ ጸጉሯ ግማሹ ተፈትቶ፣ በችኮላ በሰው እጅ ወደ ኋላ ተጎንጉኗል። ሁለቱም ዓይናቸው አብጧል። በአስተርጓሚዋ አጠገብ ሲያልፉ አንዷ ራሷን ነቀነቀችላት፤ የትኛዋ እንደሆነች በኋላ ስታስበው አላስታወሰችም። ሥራዋ ነውና ጥቂት ራቅ ብላ ከኋላቸው ተከተለች።

ጋሪ ነጂው ሄዷልና በእግራቸው ነው ቁልቁለቱን የወረዱት። ሁለቱም እያወሩ ነበር። እናትየዋ በራሷ ቋንቋ፣ ልጅቷም በራሷ። አንዷ የሌላዋን አንድ ቃል አታውቅም፤ ግን አንዳቸውም አላቆሙም። እዚህ ጋ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ በዚህ በኩል ርገጪ አለች እናትየዋ። ልጅቷ ልጄ በጨለማ ብቻውን መተኛት ይፈራል፣ እኔም እንደዚያ ነበርኩ እያለች ነበር። እናትየዋ ደግሞ ስትመጪ አልጋውን ወደ መስኮቱ አስጠጋዋለሁ፣ የካውያው ጭስ ወደዚያ አይደርስም አለች። በዚያው ቅጽበት ልጅቷ ነፋሱ ሲያልፍ ይዤው እመጣለሁ፣ ጆሮውን ታይለታለሽ አለች። አንዷ ስለ አልጋው፣ ሌላዋ ስለ ልጁ፤ ሁለቱም ስለ መመለስ ነበር የሚያወሩት፤ ሁለቱም ግን አያውቁትም።

ይህን የሰማው፣ በዚያ መንገድ ላይ በሁለቱም በኩል የገባው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ከኋላ የምትመጣው። ሁለቱን ንግግር እያገናኘች ብትነግራቸው በደስታ በቆሙ ነበር። ከንፈሯ ደጋግሞ ተንቀሳቀሰ። ግን አልጠየቋትም፤ ሳይጠየቁ መናገር ደግሞ ሥራዋ አልነበረም።

በወደቡ በር ላይ ዘበኞቹ ዛሬ አልቀለዱም። ሻምበሉ አንገቱ ላይ የቆሸሸ ኮቱን ለብሶ ቆሟል። ልጅቷ መሰላሉን ወጥታ ከመርከቧ ጠርዝ ላይ ቆመች። ገመዱ ተፈታ። ውኃው በመርከቧና በድንጋዩ መሐል መስፋት ሲጀምር፣ ልጅቷ እጇን አፏ ላይ እንደ ቀንድ አድርጋ ጮኸች። ነፋሱ ግማሹን ወሰደው፣ ግማሹ ግን ደረሰ።

ሻምበሉ ወደ አስተርጓሚዋ ዞሮ፣ ለዳኛው የሚነግረው ነገር ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ «ምን አለች?» አላት።

አስተርጓሚዋ ሰምታለች። ቃሉም በአፏ ነበር።

«አልሰማሁም፣ ጌታዬ» አለች።

እናትየዋ ዓይኗን ከመርከቧ ሳታነሳ መለሰችለት። «ምን ትላለች ብለህ ነው፣ ሻምበል? ዝናብ ነው፣ ይበርድሻል፣ ቤት ግቢ እያለች ነው።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች፤ ግን ከቆመችበት አልነቃነቅ አለች። ልጅቷ ያለችው በትክክል እሱኑ ነበር። ትክክል መሆኑን ለመጠየቅ ግን ማንም ወደ አስተርጓሚዋ አልዞረም። ቆይታ ቆይታ፣ መርከቧ የመብራት ነጥብ ስትሆን፣ አስተርጓሚዋ ደህና እደሩ አለችና ዳገቱን ብቻዋን ወጣች።